በስም የተላከ አስተያየት፦ የአዘጋጅ እጅ እስከ የት ይግባ?

በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር የጋራ መጽሔት ወይም ዓመታዊ ጥራዝ ለማዘጋጀት የተሰባሰቡ ወጣቶች ሲያገኙኝ፣ ከማተሚያ ቤት ዋጋ ቀጥለው የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነው። «ሰው በስሙ የላከውን አስተያየት ምን ያህል ማረም እንችላለን?» ይሉኛል። እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ አማርኛ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝ። ከሥራ ባልደረቦቼና ከቀድሞ ተማሪዎቼ ጋር በበጎ ፈቃድ በምናዘጋጀው መጽሔት ላይ የአስተያየቱን ዓምድ ለረጅም ጊዜ ይዤ ነበር። ለጥያቄው ያለኝ መልስ አጭር ነው፤ መረጃውን መርምሩ፣ ሕግ የሚጥሰውን ለጸሐፊው አሳዩት፣ የፊደል ግድፈቱን አቅኑ፣ አቋሙን ግን አትንኩ። አቋሙን መሸከም ካቃታችሁ ጽሑፉን አለዝባችሁ ከምታወጡት መልሱለት። ይህን ስነግራቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ሥራው ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም ማለዘብ ይጀምራሉ። ስለዚህ እኛ ዘንድ የሆነውን ከነዝርዝሩ ልጻፈው።

የመጽሔታችን አሠራር እንዲህ ነበር። አባላቱ በደጀን፣ በብቸና፣ በሞጣ፣ በቡሬና በእንጅባራ የተበተኑ ናቸው። የጥራዙ ትልቁ ክፍል የጸሐፊ ስም የሌለው፣ ሁላችንም እጃችንን የምናስገባበት ነው። ስለ አንድ የገበያ ቀን፣ ስለ አንድ ደብር ታሪክ፣ ስለ አንድ መንገድ አሠራር አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይጨምርበታል፣ ሦስተኛው ያሳጥረዋል። «እጅግ ድንቅ» የሚል ቃል ካለ ይሰረዛል፤ «ይባላል» የሚል ካለ «ማን አለ?» ተብሎ ይጠየቃል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ የማንም ስላልሆነ የማንም እጅ ቢነካው አይከፋም፤ እንዲያውም እጅ በበዛበት መጠን ይጠራል። የአስተያየቱ ዓምድ ግን ከዚያው የኮምፒውተር ማኅደር ውስጥ ይቀመጥ ስለነበር ያው እጅ፣ በዚያው ልማድ፣ ወደዚያም ይዘልቅ ጀመር።

ነገሩ የፈነዳው በዲከረንስ ጽሑፍ ላይ ነው። ለማያውቀው አንባቢ፣ በአዊ በተለይም በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ግራር በእርሻ መሬቱ ላይ በሰፊው ይተክላል። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ያበቅለዋል፤ ከዚያ በዛፎቹ ሥር ሣር ያጭዳል፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቆርጦ ከሰል ያወጣዋል፤ ከሰሉም እስከ አዲስ አበባ ይሄዳል። ብዙ ቤተሰብ ቆርቆሮ ቤት የሠራበት፣ ልጅ ያስተማረበት ነው። የዚያው አካባቢ ተወላጅ የሆነ አንድ የግብርና ባለሙያ ግን ይህንን የሚቃወም ጽሑፍ ላከልን፤ ርእሱ «ዲከረንስ እህላችንን በላው» የሚል ነበር። ጽሑፉ ቁጡ ነው። ገብስና ድንች ይበቅልበት የነበረው መሬት በዛፍ ተይዟል፣ እህል ከገበያ መግዛት የጀመረ ገበሬ ገበሬነቱ ምኑ ላይ ነው፣ እያለ ይሞግታል።

ጽሑፉ በአባላቱ እጅ ሲዞር ሰነበተ። አንዱ «ምናልባት» ጨመረበት። ሌላው «አንዳንድ ወገኖች እንደሚሉት» የሚል አስገባ፤ ያለው ግን ራሱ ጸሐፊው ነው እንጂ አንዳንድ ወገኖች አይደሉም። ሦስተኛው «ሆኖም ዛፉ በርካታ ጠቀሜታዎች እንዳሉት አይካድም» የሚል አንቀጽ ከነምሳሌው ጻፈለት። መጨረሻ ላይ ርእሱ «ዲከረንስ እህላችንን በላው ይሆን?» ሆነ። ከዚህ ሁሉ የከፋው ይህ የጥያቄ ምልክት ነው። ሰውየው የሚያውቀውን ነገር ሊናገር ተነሥቶ፣ እኛ የማያውቅ አስመሰልነው።

ማንም በክፋት አላደረገውም። እያንዳንዱ እርማት ብቻውን ሲታይ ትሕትና ይመስላል። ጸሐፊው ለሥራ ጉዳይ ማርቆስ በመጣ ጊዜ ረቂቁን ሰጠነው። ቡናው እስኪፈላ ድረስ አነበበና «ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ የማን ነው?» አለን። ሳቅን። እሱ አልሳቀም። «ወይ ስሜን አንሡልኝ፣ ወይ ጽሑፌን መልሱልኝ» አለ።

በዚያው ስብሰባ ላይ የተወሰነው ውሳኔ ዛሬም የምመክረው ነው። የአስተያየት ጽሑፍ ከጋራው ማኅደር ወጣ። እንዲያየው የሚፈቀደው ለአንድ አዘጋጅና ለአንድ መረጃ መርማሪ ብቻ ሆነ። ሁለቱም ጽሑፉ ላይ አይጽፉም፤ በኅዳጉ ላይ ይጠይቃሉ። የሚለውጠው ጸሐፊው ነው። መጀመሪያ የላከው ቅጅ ሳይነካ ለብቻው ይቀመጣል፤ ክርክር ቢነሣ ወደ እርሱ እንመለሳለን። ሌሎች አባላት ሐሳብ ካላቸው በራሳቸው ስም የተቃውሞ ጽሑፍ መላክ ይችላሉ። የሚገርመው፣ በሰው ጽሑፍ ውስጥ «ሆኖም» ለመጨመር የሚቸኩል ሰው በስሙ ጽፎ እንዲሟገት ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል።

ዝም ብሎ ማሳለፍ ግን አይደለም። በዚያው የዲከረንስ ጽሑፍ ውስጥ «ዛፉ መሬቱን ገድሎታል» የሚል ዐረፍተ ነገር ነበረ። ይህ አስተያየት ነው ወይስ መረጃ? ብዙ ተከራከርንበት። ዲከረንስ እንደ ባቄላና እንደ አተር ናይትሮጅንን ወደ አፈር የሚመልስ ዛፍ ነው፤ ይህ የግብርና ባለሙያ የሚያውቀው ነገር ነው። እንግዲህ «ገድሎታል» ማለት የአፈሩን ለምነት የሚመለከት ከሆነ ማስረጃ ይፈልጋል። መርማሪው በኅዳጉ ላይ «አፈሩን ማለትህ ነው ወይስ እርሻውን?» ብሎ ጠየቀው። ጸሐፊው ሁለት ቀን ቆይቶ ዐረፍተ ነገሩን ራሱ ለወጠው፤ መሬቱ እህል ማብቀሉን ትቷል፣ ለአፈሩ ደግ የሆነ ዛፍ ለጎተራው ክፉ ሊሆን ይችላል የሚል አደረገው። የበለጠ ስለታም ሆነ። አዘጋጅ በመጠየቅ የሚያገኘውን በመሰረዝ አያገኘውም፤ እኔ ቁጭ ብዬ ባስተካክለው ኖሮ «በአፈሩ ላይ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል» የሚል የቢሮ ቋንቋ ነበር የምጽፍበት።

መረጃንና ፍርድን መለየት የዚህ ሥራ ዋናው ድካም ስለሆነ አንድ ሌላ ጽሑፍ ላንሣ። አንድ የታሪክ መምህር ስለ ጎጃም ገበሬዎች ዐመፅ ጻፈልን። የዐመፁ መነሻ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 ነው። የታወጀው በ1960 ዓ.ም. ሲሆን፣ ገበሬው መሬቱ ተለክቶ ርስቴ ይነጠቃል ብሎ ሰግቶ ተነሣ፤ በመጨረሻም ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ። መምህሩ ግን ዓመቱን የወሰደው በውጭ ቋንቋ ከተጻፈ መጽሐፍ ስለነበር «በ1967 አዋጁ ሲወጣ» ብሎ ነበር የጻፈው። በእኛ አቆጣጠር 1967 ዓ.ም. ሲጠባ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን የወረዱበት፣ በየካቲት ደግሞ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ የታወጀበት ዓመት ነው። ጽሑፉ እንዳለ ቢወጣ የጎጃም ገበሬ በሌለ ንጉሥ ግብር ላይ ዐመፀ ማለት ይሆን ነበር። ይህን ዓይነት ግድፈት አዘጋጅ ያለ ርኅራኄ ሊይዘው ይገባል። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና ንጉሥ ምኒልክ የተዋጉበትን የእምባቦን ጦርነትም አንድ ሌላ ጸሐፊ በዚሁ መንገድ 1882 ብሎት ነበር፤ 1874 ዓ.ም. መሆን አለበት። በአማርኛ ታሪክ ነክ ጽሑፍ ስትቀበሉ መጀመሪያ ዓመቶቹን ብቻ ለቅማችሁ ተመልከቱ። ሰባትና ስምንት ዓመት የተዛነፈ ካገኛችሁ የተገለበጠበት ምንጭ ቋንቋ ምን እንደሆነ ወዲያው ታውቃላችሁ።

የመምህሩ ፍርድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዐመፁ ለለውጥ የተደረገ ሳይሆን አሮጌውን የርስት ሥርዓት ለመጠበቅ የተደረገ ነው ይላል። እኔ አልስማማም። አያቴ ከዚያ ወገን ስለነበሩ ነገሩ ደሜንም ይነካኛል። አንዳንዱ ባልደረባዬ «የጀግኖቻችንን ስም የሚያጎድፍ ነው፤ ቢያንስ ‹በሌላ በኩል› ይግባበት» አለ። አልገባበትም። ዓመቱ ተስተካከለ፣ አዋጁ በቁጥሩ ተጠቀሰ፣ ፍርዱ እንዳለ ወጣ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ በእጃችሁ ሲገባ አንድ መለያ አለኝ፤ ዐረፍተ ነገሩ ስሕተት መሆኑን ሰነድ አውጥቼ ላሳየው እችላለሁ? ካልቻልሁ፣ ያለኝ ንዴት ብቻ ከሆነ፣ እጄን እሰበስባለሁ።

ስለ ፊደል በአጭሩ ልናገርና ልለፈው ብል ጎጃም ላይ አይቻልም። ከቅኔ ቤት ያለፈ ሰው በየወረዳው አለ። ንጉሥን በእሳቱ ሰ ጻፋችሁበት ማለት ሰደባችሁት ማለት ነው። ሌላው ጸሐፊ ደግሞ በትምህርት ቤት የተማረ ስለሆነ ዐና አ አንድ ነው ባይ ነው፤ በአንድ ገጽ ላይ ዓመትንም አመትንም ይጽፋል። በስም የለሹ የጋራ ጽሑፍ ላይ አንድ ወጥ አጻጻፍ አለን። በአስተያየቱ ዓምድ ግን የጸሐፊውን አጻጻፍ እንከተላለን፤ የምንጠይቀው ከራሱ ጋር እንዳይጣላ ብቻ ነው። የገጠሩን አነጋገር የከተማ አማርኛ ማድረግም ክልክል ነው። አንባቢ የማይገባው የአካባቢ ቃል ቢኖር ጸሐፊው ራሱ በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ እንዲያብራራው እንጠይቃለን፤ የግርጌ ማስታወሻ አልወድም።

ወደ ሕጉ ልምጣ፤ ምክንያቱም ጸሐፊዎችም አዘጋጆችም በእኩል ያጣምሙታል። ጽሑፉን የመለስንበት አንድ ሰው ሕገ መንግሥቱን በብብቱ ይዞ መጣ። «አንቀጽ 29 ሐሳቤን እንድገልጽ ፈቅዶልኛል፤ እናንተ ማን ሆናችሁ ነው የምትከለክሉኝ?» አለ። አንቀጹ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ያውጃል፤ ማንኛውንም ዓይነት ቅድመ ምርመራም ይከለክላል። ይህ ግን የመንግሥትን እጅ ለመያዝ የተጻፈ ነው። የእኛ ሠላሳ ሁለት ገጽ የእርሱ ገጽ እንዲሆን አያደርግም። መርጦ ማተም የአዘጋጅ ነፃነት ነው፤ ሰውየው በሌላ ቦታ ለማሳተም የሚያግደው ነገር የለም።

አዘጋጁ በፈንታው «መጽሔቱ የእኔ ስለሆነ የፈለግሁትን እለውጣለሁ» ሲል ደግሞ እርሱም ተሳስቷል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ የሞራል መብት የሚባል ይሰጠዋል። የሥራው አመንጪ መሆኑ እንዲታወቅለት፣ ከፈለገም ስሙ እንዳይገለጽ ወይም በብዕር ስም እንዲጠቀም፣ ክብሩንና ስሙን በሚጎዳ መንገድ ሥራው እንዳይዛባበት የመቃወም መብት አለው። ጸሐፊው ያለ ክፍያ ጽሑፉን ሲሰጠን እንድናትመው ፈቅዶልናል እንጂ የተናገረውን እንድንቀይርለት አልፈቀደም። ስለዚህ ሚዛኑ ግልጽ ነው፤ አላትምም ማለት ትችላላችሁ፣ ሌላ ነገር አድርጋችሁ በስሙ ማተም ግን አትችሉም።

ስም ማጥፋት ብቻውን ረጅም ጉዳይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2044 ጀምሮ የሚደነግገውን ማንም የዓምድ አዘጋጅ ሊያነበው ይገባል። በተግባር ሁለት ዐረፍተ ነገሮችን ለዩ። «የወረዳው የማዳበሪያ ሥርጭት በቸልተኞች እጅ ወድቋል» የሚለው በሕዝብ ጉዳይ ላይ የተሰጠ ፍርድ ነው፤ ኃላፊዎቹን ቢያስቆጣም ይውጣ። «እገሌ የማዳበሪያ ገንዘብ በልቷል» የሚለው ግን አስተያየት በሚባለው ዓምድ ውስጥ ስለተቀመጠ አስተያየት አይሆንም። ክስ ነው። ማስረጃ አለህ ወይ ብለን እንጠይቃለን። ከሌለው ያንን ዐረፍተ ነገር ራሱ እንዲያወጣው ወይም ጽሑፉን እንዲወስድ ምርጫ እንሰጠዋለን። በብሔር ወይም በሃይማኖት ላይ ጥላቻ የሚሰብክ ከሆነ ግን ድርድር የለም፤ የ2012 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግር አዋጅ ባይወጣ እንኳ እኛ አናወጣውም ነበር። ከገጹ ግርጌ የሚለጠፈው «ጽሑፉ የጸሐፊውን አቋም ብቻ ያንጸባርቃል» የሚለው መሥመርም ብዙዎች እንደሚያስቡት ጋሻ አይደለም። ለአንባቢ ጠቃሚ ነው፤ ፍርድ ቤት ግን አሳታሚውን «ጽፈህ ነበርና ሂድ» ብሎ አያሰናብተውም።

ሁላችንንም የፈተነን የበዓላቱ ጽሑፍ ነው። ከብቸና በኩል የመጣ አንድ ወጣት የኢኮኖሚክስ መምህር፣ ገበሬው በክረምት እርሻ ወራት የሥራ ቀኑን በወርኃዊ በዓላት ይጨርሳል ብሎ ጻፈ። በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ፣ ይህ ሁሉ እሑዶችን ሳይጨምር ነው፤ በሬው ከገበሬው የበለጠ ያርፋል የሚል የሚያናድድ ዐረፍተ ነገርም ነበረው። ስብሰባችን ተከፈለ። «ይህ ከወጣ መጽሔቱን ማን ይገዛናል?» ያለ ነበረ። «በዓላቱን እናውጣና ስለ ጊዜ አጠቃቀም እናድርገው» ያለም ነበረ። ይህ ሁለተኛው ሐሳብ እንደ መፍትሔ ሲጨበጨብለት ተነሥቼ ተቃወምሁ። በዓላቱ ከወጡ የሚቀረው ማንም የማይቃወመውና ማንም የማያነበው ነገር ነው። ካላመንንበት ደግሞ ሰውየው ያላለውን እንዳለ አስመስለን ከማውጣት «አናወጣም» ብለን በፊርማችን ብንጽፍለት ያከብረን ነበር። ድምፅ ተሰጠበት፤ በጠባብ ልዩነት ሙሉው እንዲወጣ ተወሰነ።

ከመውጣቱ በፊት መርማሪው አንድ ነገር ጠየቀ፦ በዘጠኙም ቀን በሁሉም አጥቢያ እርሻ ይቆማል? አይቆምም። በአንዱ ደብር በጥብቅ የሚከበረው በሌላው በከፊል ነው፤ ሞፈር ቀንበር ባይነካም ሌላ ቀላል ሥራ የሚሠራበት በዓል አለ። ጸሐፊው ይህንን ተቀብሎ አስገባው። ክርክሩ አልደከመም፤ እንዲያውም አንባቢ በአንድ ቃል የሚጥልበት ቀዳዳ ተደፈነ።

መልሱ የመጣው ከደብረ ኤልያስ በኩል ነው። አንድ የቅኔ መምህር በመሥመር ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም፣ ዐሥራ ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፈው ይዘው መጡ። የዓምዱ ቦታ ከዚያ ከሲሶው በላይ አይይዝም። «የኔታ፣ ረዝሟል» አልኋቸው። ፈገግ ብለው «ልጄ፣ ቁረጠዋ» አሉኝ። እንደማልቆርጥና ቆርጠው እንዲሰጡኝ እንደምፈልግ ነገርኋቸው። ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ «እኔም ተማሪዬ የቆጠረውን ቅኔ ሲነግረኝ ቤቱ ከጎደለ ጎደለ እለዋለሁ፤ ሞልቶ የሚያመጣው እርሱ ነው። እኔ ከሞላሁለትማ ቅኔው የእኔ ሆነ» አሉ። በሳምንቱ አራት ገጽ ሆኖ መጣ። የቆረጡት በሙሉ ስድብ ነበር፤ የቀረው ሙግት ነው፤ እኔ ብቆርጠው ኖሮ ስድቡን ፈርቼ ሙግቱንም አብሬ እወስደው ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ።

የመልስ ጽሑፍን በተመለከተ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። መልሱ ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጋር በአንድ እትም አይወጣም። የሰውን ረቂቅ ገና ሳይታተም ለተቃዋሚው ማሳየት አደራ መብላት ነው። በሚቀጥለው እትም፣ በዚያው ዓምድ፣ በተመሳሳይ የቃላት ወሰን ይወጣል። የመጀመሪያው ጸሐፊ ለመልሱ መልስ አለኝ ካለ አጭር ቦታ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ይዘጋል፣ አለበለዚያ መጽሔቱ የሁለት ሰው ቤት ይሆናል። ከጽሑፉ ሥር «የአዘጋጁ ማስታወሻ» ብሎ ጸሐፊውን የሚያርም አዘጋጅ ደግሞ አለ፤ ይህ ልማድ በጣም ያናድደኛል። እንግዳ ጋብዞ፣ ጎርሶ ሳይጨርስ ነገር እንደ መጀመር ያለ ነው። የምትለው ካለህ ወረፋህን ጠብቀህ፣ ስምህን ጽፈህ በል።

ገንዘብ የሚሰጥ ሰውም ይመጣል። የአንዱን እትም ወጪ በከፊል የሸፈነልን ነጋዴ የአስተያየት ጽሑፎቹን አስቀድሞ ማየት ፈልጎ ነበር። ማስታወቂያው ያለበትን ገጽ አሳየነው፤ ሌላውን ሲታተም እንደ ማንኛውም አንባቢ እንደሚያየው ነገርነው። በሚቀጥለው ጊዜ አልረዳንም። ስለዚህ የምመክረው ገንዘብ ከመቀበላችሁ በፊት ይህንን በቃል ሳይሆን በወረቀት ጽፋችሁ እንድትሰጡት ነው።

የብዕር ስም ጥያቄ በትንሽ ከተማ ይከብዳል። በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ስላለው የፈተና ኩረጃ የጻፈ መምህር ስሙ እንዳይወጣ ጠየቀ። ተገቢ ነው፤ ሕጉም ይደግፈዋል። ግን ማርቆስ ውስጥ «የሂሳብ መምህር ነኝ፣ ከሞጣ ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው» ብሎ ከጻፈ የብዕር ስሙ ምን ይሸፍነዋል? እነዚህን ምልክቶች ነጥለን አሳየነውና ራሱ አወጣቸው። ማንነቱን ከእኛ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ለሌላው አይናገርም። በምትኩ የብዕር ስም ለያዘ ጸሐፊ አንድ ገደብ አለ፤ ተሸሽጎ በስም የተጠቀሰን ሰው መምታት አይችልም።

ጥቅም ያለው ሰው ደግሞ ስሙን ብቻ ሳይሆን ጥቅሙንም ይግለጽ። ለዲከረንሱ ጽሑፍ የመጣው መልስ በጣም ጥሩ ነበር፤ ጸሐፊው ግን ከሰል ነጋዴ ነው። «ይህን ከሥር እንጽፈዋለን» ስንለው ተቆጣ፤ «ነጋዴ ስለሆንሁ የምለው ሐሰት ይሆናል?» አለ። አይሆንም፣ አንባቢው ግን ይወቅ አልነው። አስቦበት መጀመሪያው አንቀጽ ላይ ራሱ አስገባው። «ከሰል ነጋዴ ነኝ፤ ስለዚህ ዛፉን ከማንም በላይ ስለማውቀው ስሙኝ» ብሎ ጀመረ። እኛ ከግርጌ ልንለጥፈው የነበረው ደረቅ መሥመር ለእርሱ የክርክሩ በር ሆነለት።

ይህን ሁሉ ለጸሐፊ በአንድ ትንፋሽ መንገር ስለማይቻል አንድ አጭር ደብዳቤ አዘጋጅተን ጽሑፍ ለሚልክ ሁሉ እንሰጥ ነበር። የፈለገ ይገልብጠው፦

«ጽሑፍዎን ስለላኩልን እናመሰግናለን። ርእሱን፣ አቋሙንና አነጋገሩን ያለ እርስዎ ፈቃድ አንለውጥም። ዓመት፣ ቁጥር፣ ስምና ሕግ ነክ ጉዳይ ላይ ጥያቄ ካለን በኅዳግ ጽፈን እንልክልዎታለን፤ የሚያስተካክሉት እርስዎ ነዎት። ካልተግባባን እርስዎ ጽሑፉን መውሰድ፣ እኛም አለማተም እንችላለን፤ የማናትምበትን ምክንያት በጽሑፍ እንገልጽልዎታለን። ማተሚያ ቤት እስኪገባ ድረስ ሐሳብዎን መለወጥ ይችላሉ። ከታተመ በኋላ ግን የተገኘ ስሕተት በሚቀጥለው እትም በዚያው ገጽ ላይ ይታረማል እንጂ ተሸፋፍኖ አይቀርም።»

ደብዳቤው ላይ «ምክንያቱን በጽሑፍ» የሚለው ብዙ ክርክር አስነሥቶ ነበር፤ ሥራ ያበዛል ተብሎ። ያበዛል። ነገር ግን ምክንያቱን ለመጻፍ የተቀመጠ አዘጋጅ አንዳንዴ የሚጽፈው ያጣል። «ከዓምዱ ዓላማ ጋር አይሄድም» ብሎ ይጀምርና የትኛው ዓላማ እንደሆነ ሲጠፋበት ጽሑፉን መልሶ ያነበዋል። እንዲህ ተመልሰው የወጡ ጽሑፎች አሉን፤ ከእነርሱ መካከል በአንባቢ ደብዳቤ ብዛት ከሁሉም የበለጠው ይገኝበታል።

የመጨረሻውን ረቂቅ ለጸሐፊው ማሳየት ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ ላለ ሰው እንዴት ይሆናል ለምትሉኝ፣ እኛ በገበያ ቀን ነበር የምናደርገው። ጸሐፊው ቅዳሜ ወደ ከተማ ወጥቶ ስልኩ ሲሠራ ይደውላል፤ አዘጋጁ ከርእሱ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ነጥብ ድረስ ያነብለታል፤ የተለወጠው ቦታ ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ «ይህ ተለውጧል፣ ይስማማሉ?» ይለዋል። ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። የአየር ሰዓቱን ካርድ መጽሔቱ ይክፈል፤ በጀት ስትሠሩ አትርሱት።